«ኢንሹራንስ አለሽ አይደል እንዴ?»

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን አነባለሁ እንጂ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። አሁን ግን የምነግረው ሰው አጣሁ። ጉዳዩ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ነው፤ የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ደግሞ የሁለታችንም ጓደኞች ናቸው።

የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። በዲቪ ከመጣሁ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ አንዲት አሮጊት ቤት እያደርኩ እጠብቃቸዋለሁ። አምና እቁብ ሲደርሰኝ ያገለገለች ኮሮላ በካሽ ገዛሁ። ኢንሹራንሱን ሜሪላንድ የሚኖር የአክስቴ ልጅ በስልኩ ሞልቶ ጨረሰልኝ። «ለአሮጌ መኪና ላያቢሊቲ ይበቃሻል፤ ፉል ከቨር ብር መበተን ነው» አለኝ። እኔም እሺ አልኩ።

ባለፈው ወር ጓደኛዬ የራሷ መኪና ጋራዥ ገባባትና የእኔን ተዋሰች። እናቷ ከአዲስ አበባ ሊጠይቋት መጥተው ነበር፤ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ልትወስዳቸው ነው። ሩት 7 ላይ፣ ቤይሊስ ክሮስሮድስ አጠገብ፣ መብራት ይዞት የቆመ መኪና ከኋላ ገጨች። «ሴትየዋ ድንገት ፍሬን ያዘችብኝ» ትላለች፤ ፖሊሱ ግን ቲኬቱን የሰጠው ለእሷ ነው። ተመስገን፣ የሞተ ሰው የለም። እናቷን ግን ቀበቶው ደረታቸውን መትቷቸው ኢመርጀንሲ አድረዋል። እሷም አንገቷን ያማታል።

ኢንሹራንሴ የተገጨችውን ሴት መኪና እያሠራ ነው። የእኔን ስጠይቅ «በውልሽ ውስጥ የለም» አሉኝ። የኮሮላዬ ፊት ጭምድድ ብሏል፣ ኤርባጉ ወጥቷል። ጎታች መኪና ወስዶ ያቆማት ግቢ ውስጥ እንደተቀመጠች ናት። እኔ ሁለት አውቶቡስ እየቀየርኩ ሥራ እሄዳለሁ።

አንድ ቀን እንደምንም ብዬ አነሳሁባት። «ኢንሹራንስ አለሽ አይደል እንዴ?» አለችኝ። ክፉ ሆና አይደለም። እውነቷን ነው፣ የሚከፈለኝ መስሏታል። ደለስ አየር ማረፊያ ተቀብላ አራት ወር ሶፋዋ ላይ ያስተኛችኝ እሷ ናት። አንድ ሳንቲም አልተቀበለችኝም። አሁን ደግሞ የእናቷ የሆስፒታል ቢል እየመጣባት፣ የራሷን ራቭ ፎር የባንክ ብድር እየከፈለች፣ እኔ ምን ብዬ «መኪናዬን ክፈይኝ» እላታለሁ? ዝም ስል ደግሞ ሆዴ እየሻከረባት መጣ። ስልኳን ሳየው ማንሳት ያስጠላኛል።

ወንድሜ «እኔ ነበርኩ የነዳሁት በያቸው፣ ያን ጊዜ ይከፍሉሻል» ይለኛል። አንዲት እናት ደግሞ «ለብረት ብለሽ ሰው አትጪ» አሉኝ። በየወሩ ስከፍል የኖርኩት ታዲያ ምኑን ነው? ምን ላድርግ?

ግራ የገባት፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መኪናሽ የቆመችበት ግቢ በቀን ስንት ያስከፍላል?

ይህን ያስቀደምኩት ልብሽ የተጎዳበት ነገር አሳንሼው አይደለም። ጎታቾች መኪና ያቆሙበትን ኪራይ በቀን ነው የሚቆጥሩት። መኪናሽን ኢንሹራንስሽ ስለማይከፍልላት ያ ሒሳብ የሚመጣው አንቺ ላይ ነው። አንድ ወር ማለት ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ ነገ ጠዋት ደውዪና እስካሁን ስንት እንደደረሰ ጠይቂ። የሚያስቆምልሽ ዘመድ ግቢ ወይም የምታውቂው ጋራዥ ካለ አስወጫት። ከማስወጣትሽ በፊት ግን ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶ አንሺ፤ የወጣውን ኤርባግና የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውንም ጭምር። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እነግርሻለሁ።

አሁን ወደ ወንድምሽ ምክር ልምጣ፤ ቶሎ ልዝጋው። እንዳታደርጊው። የፖሊሱ ሪፖርት ላይ ነጂዋ ማን እንደነበረች ተጽፏል፣ ቲኬቱም በስሟ ነው። ኢንሹራንስን መዋሸት ወንጀል ነው፤ ያለሽንም ሽፋን ሊያሳጣሽ ይችላል። ከዚህ ሁሉ የሚገርመው ደግሞ ውሸቱ ቢሳካ እንኳ አንዲት ዶላር አያመጣልሽም። አንቺ ራስሽ ነድተሽ ብትጋጪም የኮሮላሽ መልስ ያው «በውልሽ ውስጥ የለም» ነበር። ወንድምሽ ለአንቺ ተቆርቁሮ ነው፤ ኢንሹራንሱ ያልከፈለው ጓደኛሽ ስለነዳች መስሎታል። ምክንያቱ ግን እሱ አይደለም።

ምክንያቱ ይኸውልሽ። ሕጉ የግድ ግዢ የሚልሽ ላያቢሊቲ የሚከፍለው በመኪናሽ ለተጎዳ ለሌላ ሰው ነው። አገር ቤት ሦስተኛ ወገን የምንለውና መስታወት ላይ ተለጣፊ የሚለጠፍለት ዓይነት ማለት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ወዲህ የተገዛ ወይም የታደሰ ውል ዝቅተኛው መጠን ለአንድ የተጎዳ ሰው 50,000 ዶላር፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱ ሁሉ በድምሩ 100,000 ዶላር፣ ለንብረት ደግሞ 25,000 ዶላር ነው። ያቺ ከፊት የቆመችው ሴትዮ መኪናዋ እየተሠራ ያለው ከዚያ 25,000 ውስጥ ነው። የአንቺ ኮሮላ በዚህ ውስጥ ቦታ የላትም። የነጂዋም አንገት የለም። የፖሊሱም ቲኬት የለም። መኪናሽ ቆማ ብትሰረቅ፣ ብትቃጠል፣ በረዶ ቢቀጠቅጣት፣ ዛፍ ቢወድቅባት፣ አንዱም በላያቢሊቲ አይከፈልም። ሰው ሆን ብሎ ያደረሰው ጉዳትም እንደዚያው። ለራስ መኪና የሚገዙት ሌሎች ናቸው፤ ለግጭት ኮሊዥን፣ ለስርቆትና ለመሳሰለው ኮምፕሪሄንሲቭ። እኛ «ፉል ከቨር» የምንለው እነዚህ ከላያቢሊቲው ጋር ተደምረው ነው። በብድር ብትገዢ ኖሮ ባንኩ ራሱ ያስገድድሽ ነበር። በካሽ ስለገዛሽ ማንም የጠየቀሽ የለም፤ ለዚህ ነው ሳታውቂው ያለፈሽ።

«ታዲያ ስከፍል የኖርኩት ምኑን ነው?» ብለሻል። ሰው መኪናው ተሰብሮ ቆሞ ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ግን እስቲ ያ ወረቀት ባይኖርሽ ኖሮ የሚሆነውን አስቢው። የሴትዮዋ መኪና ማሠሪያ፣ እሷም ከታመመች ሕክምናዋ፣ የእማማ የሆስፒታል ቢል፣ ሁሉም ጓደኛሽ ላይ ያርፍ ነበር። ባለመኪናዋ አንቺ ነሽና ስምሽ ከክሱ አይቀርም ነበር፤ ያለ ኢንሹራንስ መኪና ማቆየትሽ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። እስከ ጁላይ 1 ቀን 2024 ድረስ ቨርጂኒያ ውስጥ በዓመት 500 ዶላር ለመንግሥት ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይቻል ነበር። ብዙ ሰው ያንን ኢንሹራንስ ይመስለው ነበር። ሽፋኑ ግን ባዶ ነበር፤ የገጨ ሰው ሁሉንም ከኪሱ ነው። ቀርቷል፣ ጥሩም ተደረገ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ የቆመው «የራቭ ፎሯን የባንክ ብድር እየከፈለች» ያልሽው ላይ ነው። መኪናዋ ብድር ላይ ካለች ኮሊዥን እንዳላት አልጠራጠርም ማለት ይቻላል፤ አበዳሪዎች ያለዚያ አያበድሩም። ኮሊዥን የገዛ ሰው ደግሞ፣ በአብዛኞቹ የግል መኪና ውሎች ላይ፣ አልፎ አልፎ በፈቃድ የተዋሰውን የሌላ ሰው መኪና ሲነዳም ሽፋኑ ይከተለዋል። የራሱ መኪና ጋራዥ ገብታበት በእሷ ምትክ የተዋሰው ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ ይጠነክራል። የጓደኛሽ ታሪክ ቁጭ ብሎ ይኸው ነው። የጋራዡ ደረሰኝ ላይ ቀኑ አለ፤ ትያዘው።

ስለዚህ ከጓደኛሽ መጀመሪያ የምትፈልጊው ገንዘብ አይደለም፣ አንድ የስልክ ጥሪ ነው። ለራሷ ኢንሹራንስ ደውላ «መኪናዬ ጋራዥ ገብታ የተዋስኩትን መኪና እየነዳሁ ተጋጨሁ፤ የተዋስኩት መኪና ኮሊዥን የለውም፤ የእኔ ይሸፍነዋል ወይ?» ብላ ትጠይቅ። እንግሊዝኛው የሚከብዳት ከሆነ አስተርጓሚ ትጠይቅ፤ ትልልቆቹ ኩባንያዎች በስልክ ያገናኛሉ። እሺ ካሉ መኪናሽን ገማች ይልካሉ፤ ፎቶዎቹን ያልኩሽ ለዚህ ነው። የሚከፍሉት መኪናዋ ከአደጋው በፊት ታወጣ የነበረውን ዋጋ ነው እንጂ አዲስ መኪና መግዣ አይደለም። ከእሱም ላይ ዲዳክቲብል፣ ማለትም ባለ ውሉ ከራሱ ኪስ የሚችለው ድርሻ፣ ይቀነሳል፤ ብዙ ጊዜ 500 ወይም 1,000 ዶላር ነው። እንዲህ ከሆነ በሁለታችሁ መካከል የሚቀረው ነገር የመኪና ዋጋ መሆኑ ይቀርና ያቺ ዲዳክቲብል ብቻ ትሆናለች። ስለ 500 ዶላር ማውራት ስለ መኪና ዋጋ እንደማውራት አይከብድም።

አሁን ደግሞ ለእሷ ይዘሽላት የምትሄጂው ነገር አለ። እማማ ተሳፋሪ ነበሩ። በነጂዋ ጥፋት የተጎዳ ተሳፋሪ ለላያቢሊቲ «ሌላ ሰው» ነው። ስለዚህ የእሳቸው ሕክምና በአንቺው ኢንሹራንስ፣ ያ ለአንድ ሰው 50,000 ባልኩሽ ውስጥ ሊጠየቅ ይችላል። ይህን የነገራት ሰው ያለ አይመስለኝም። አንቺም አላወቅሽም፤ ብታውቂ ኖሮ በደብዳቤሽ ላይ ቢሉን እንደዚያ ባልጻፍሽው። ለኢንሹራንስሽ ደውዪና ጉዳዩን የያዘውን አጀስተር «መኪናው ውስጥ የተጎዳች ተሳፋሪ አለች፤ የአካል ጉዳት ክሌም ይከፈትላት» በዪ፤ ክሌም ማለት የካሳ ጥያቄ ነው። ጓደኛሽ «እናቴ እኔን ልትከስ ነው ወይ?» ብላ ትደነግጥ ይሆናል። ወረቀቱ ላይ እንደዚያ ይመስላል፤ በገንዘቡ በኩል ግን ከፋዩ ኩባንያው ነው። ለእማማም ቀስ ብላችሁ ብታስረዷቸው ይገባቸዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ላስጠንቅቅሽ። አንደኛ፣ ሕክምናቸው ሳያልቅ ኩባንያው ትንሽ ገንዘብ ይዞ «ፈርሙ» ቢላቸው አይፈርሙ። ከፈረሙ በኋላ ደረታቸው ተመልሶ ቢያማቸው በር ተዘጋ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ አገር ቤት ከመመለሳቸው በፊት የሆስፒታሉን ቢልና የሐኪም ወረቀት በሙሉ ይሰብስቡ። ቨርጂኒያ ውስጥ ለአካል ጉዳት ክስ የሚፈቀደው 2 ዓመት ነው፤ ግን ከአዲስ አበባ ሆኖ የፌርፋክስ ሆስፒታል ወረቀት ማሳደድ ምን እንደሚመስል አስቢው። ጉዳታቸው ከበድ ያለ ከሆነ ጠበቃ ያማክሩ። የአካል ጉዳት ጠበቆች የመጀመሪያውን ንግግር ብዙ ጊዜ በነጻ ነው የሚያደርጉት።

የራሷ የጓደኛሽ አንገት ለብቻው ነው። እሷ ጥፋተኛ ነጂ ስለሆነች ላያቢሊቲሽ አይደርስላትም። የጤና መድኅኗን ትጠቀም፤ በራሷ መኪና ውል ላይ የሕክምና ወጪ ሽፋን ገዝታ ከሆነም ያንን ታንሳው። «ሴትየዋ ድንገት ፍሬን ያዘች» በሚለው ላይ ግን ብዙ ጊዜ ባታጠፋበት ይሻላል። ከኋላ የገጨ ሰው ርቀቱን አልጠበቀም ተብሎ ነው የሚታሰበው። ቨርጂኒያ ደግሞ በዚህ ነገር ጨካኝ ናት፤ ከሳሹ ራሱ ጥቂትም ብትሆን የጥፋቱ ድርሻ ካለችው ካሳ ላያገኝ ይችላል። ከዚያች ሴትዮ የምታገኘው ነገር አይታየኝም።

እንግዲህ ወደ ሁለታችሁ። «ለብረት ብለሽ ሰው አትጪ» ያሉሽ እናት ክፉ አልመከሩሽም። ግን እስቲ ራስሽን ጠይቂ፤ አሁን ሰው እያጣሽ ያለሽው በመናገርሽ ነው ወይስ በዝምታሽ? ስልኳን ማንሳት እያስጠላሽ ነው። እሷ ደግሞ ምንም አታውቅም፤ መኪናሽ እንደተከፈለሽ ይሆናል የምታስበው። «ምን አስቀየምኳት?» እያለች ሌሊት እንቅልፍ አጥታም ይሆናል። የሶፋው ውለታ እውነት ነው፣ አልክድሽም። ግን አራት ወር ቤቷ ያስተኛችሽ ሰው ሁለት አውቶቡስ እየቀየርሽ ሥራ እንደምትሄጂ ብታውቅ ዝም የምትል ይመስልሻል?

በስልክ አትንገሪያት። እማማን ልጠይቅ ብለሽ ሂጂ፤ መጠየቅም አለብሽ። ከቡናው በኋላ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ እንዲህ ልትያት ትችያለሽ፦ «ያን ቀን ኢንሹራንስ አለሽ ወይ ስትዪኝ ሙሉውን አልነገርኩሽም። ያለኝ ላያቢሊቲ ብቻ ነው፤ የእኔን መኪና አይከፍልም። አንቺን ልወቅስ አይደለም። ግን የእማማን ሕክምና የእኔ ኢንሹራንስ ሊከፍል እንደሚችል፣ መኪናዬን ደግሞ ያንቺ ኢንሹራንስ ሊከፍል እንደሚችል ሰማሁ። ነገ አብረን እንደውል?» በዚህ ንግግር ውስጥ ልመና የለም። ክስም የለም። ሁለታችሁም የሆነ ነገር ይዛችሁ ነው የምትነሡት።

የእሷ ኢንሹራንስ እምቢ ካለስ? መጀመሪያ የእምቢታውን ምክንያት በጽሑፍ ይስጧት። ውሉ ውስጥ የትኛው አንቀጽ እንደሆነ ይንገሯት። አሳማኝ ካልመሰላችሁ የቨርጂኒያ ስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽን የኢንሹራንስ ቢሮ አቤቱታ ያያል፤ ክፍያ የለውም። ያም ካልሠራ ገንዘቡን በቀጥታ ማንሳትሽ አይቀርም። ያኔ ቁጥር ይዘሽ ሂጂ፤ መኪናዋ ከአደጋው በፊት ታወጣ የነበረው፣ እንዲሁ እንደተሰበረች ብትሸጥ የምታወጣው፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት። ልዩነቱን በአንዴ ክፈይ ከማለት በወር በወር ልትከፋፈሉት ትችላላችሁ። እቁብ የጣለ ሰው ይህ አያቅተውም። ፍርድ ቤትም አለ፤ እስከ 5,000 ዶላር የሆነ ጉዳይ ያለ ጠበቃ የሚታይበት። ለንብረት ጉዳት ሕጉ 5 ዓመት ስለሚሰጥ ማንም አያጣድፍሽም። እኔ ብሆን ግን ጓደኛዬን እዚያ አልወስዳትም። የአንቺን ልብ ደግሞ አንቺ ነሽ የምታውቂው።

አንድ የማልደብቅሽ ነገር፣ ክሌሙ የተከፈተው በአንቺ ውል ላይ ስለሆነ በሚቀጥለው እድሳት ዋጋው ሊጨምርብሽ ይችላል። ይህንንም ስታወሩ አንሱት፤ በኋላ ሌላ ቅሬታ እንዳይሆን።

«መኪና ከሌለኝ ኢንሹራንሱን ለምን እከፍላለሁ» ብለሽ ደግሞ በችኮላ እንዳታቋርጪው። መጀመሪያ ታርጋውን ለዲ ኤም ቪ፣ መኪና ለሚመዘግበው መሥሪያ ቤት፣ መልሺ ወይም አዘጊው። ታርጋው ክፍት ሆኖ ኢንሹራንሱ ከተቋረጠ ቅጣት አለው፤ መኪናዋ መንቀሳቀስ ባትችል እንኳ።

የአክስትሽን ልጅ አትቆጪው። እሱ በሚኖርበት ሜሪላንድ ደንቡ ሌላ ነው። እዚያ ዝቅተኛው የንብረት መጠን 15,000 ዶላር ነው፤ ግን ፒ አይ ፒ የሚባል፣ ጥፋተኛው ማንም ይሁን የሕክምና ወጪ የሚከፍል ሽፋን አልፈልግም ብለሽ ካልፈረምሽ በስተቀር አብሮ ይመጣል። በአንድ ወንዝ ማዶና ማዶ እየኖርን ውላችን አንድ የሚመስለን ብዙ ነን።

የሚቀጥለውን መኪና ስትገዢ ራስሽ ተቀምጠሽ ሙዪው። ላያቢሊቲ ብቻ ያለውን ዋጋ ጠይቂ፣ ቀጥሎ ኮሊዥንና ኮምፕሪሄንሲቭ ሲጨመርበት በ1,000 ዶላር ዲዳክቲብል ስንት እንደሚሆን ጠይቂ። የአክስትሽ ልጅ ያለው ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም፤ መኪናዋ 2,000 ዶላር የምታወጣ ከሆነ ኮሊዥን መግዛቱ አያዋጣሽም። 8,000 የምታወጣ ከሆነና እሷ ከሌለች ሥራሽ የሚቆም ከሆነ ግን ሌላ ነው። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ቢገጭሽ የሚከፍልሽ ሽፋን ቨርጂኒያ ውስጥ ከላያቢሊቲው ጋር ይመጣል፤ ዋጋ ለመቀነስ ብለሽ አታሳንሺው። ምግብ ማድረስ ወይም ኡበር ልትጀምሪ ካሰብሽ ደግሞ ለኩባንያው ቀድመሽ ተናገሪ። አፑ በርቶ እየሠራሽ ብትጋጪ የግል መኪና ውል ብዙ ጊዜ አይከፍልም።

ግቢው የሚጠይቅሽ ሒሳብ ከመኪናዋ ዋጋ በልጦ ከሆነ ገንዘቡን ከመክፈልሽ በፊት ጻፊልኝ። ያኔ የምመክርሽ ሌላ ነው።